ከእጄ የበላው ሰው

ወደ አረጋውያን ግቢ ለመግባት ያሰባችሁ ካላችሁ የመጀመሪያው ምክሬ ይኸ ነው፤ የራሳችሁን ኩባያ ይዛችሁ ግቡ። የግቢው ኩባያ ሁሉ አንድ ዓይነት ስለሆነ «የኔ ነው፣ ያንተ ነው» በሚል ጠብ ይነሳል። ሁለተኛ፣ በር አጠገብ ያለ አልጋ አትምረጡ። በር አጠገብ የሚተኛ የመካነ ሰላምን የንጋት ብርድ የማያውቅ ሰው ብቻ ነው። ሦስተኛ፣ «እኔ ቤቴ ሳለሁ» የምትል ቃል ከአፋችሁ አትውጣ። እዚያ ያለው ሁሉ ቤት ነበረው፤ ቤቱን ያጣ ሰው ፊት ደግሞ ቤት አይወራም።

ይህን የምትጽፍልኝ የግቢው ወጥ ሠሪ ዘሀራ ናት። ፊደል ስለማላውቅ እንዳይመስላችሁ፤ በመሠረተ ትምህርቱ ጊዜ ከቀበሌያችን ሴቶች ሁሉ ቀድሜ ስሜን የጻፍሁ እኔ ነኝ። ለምን በሷ እንደማስጽፍ ስትደርሱበት ትረዱታላችሁ። አራተኛውን ምክር የተማርሁት በደም ነው። ሦስቱን ቶሎ ቶሎ ያልሁትም ወደሱ ለመድረስ ቸኩዬ ነው።

ስሜ የሻረግ ይባላል። የተዳርሁት ከመካነ ሰላም ወደ ዓባይ በረሃ ቁልቁል በሚወስደው መንገድ ላይ ባለች ቀበሌ ነው። ባሌ በለጠ ደግ ሰው ነበር፤ ቁጣው ብቻ ቅርብ ነበር። በበጋ ከለጋምቦ ደጋ ከብቶቻቸውን እየነዱ የሚወርዱ ሰዎች ነበሩ። አንድ ጊዜ በግጦሹ ሰበብ ጠብ ተነሳና አንደኛው በለጠን በጥይት መታው። በለጠ እዚያው ሣሩ ላይ ሞተ። ገዳዩ ይመር ተገኘ እንደሚባል ሰማሁ እንጂ መልኩን አላየሁትም። ሲፈረድበት ፍርድ ቤት የሄዱት ወንዶቹ ናቸው፤ እኔ አራስ ነበርሁ።

አማቴ ሕፃኑን ገልጠው ወንድ መሆኑን አዩና «ደመላሽ ነው» አሉ። በኛ አገር ይህ ስም ምን እንደሚያዝዝ ማንም አይስተውም። ገዳዩ ቢታሰርም የከፈለው ለመንግሥት ነው፤ ለኛ አይደለም። ሽማግሌ ገብቶ፣ እርቅ ወርዶ፣ ሁለቱ ወገን በአንድ ገበታ እስኪበላ ድረስ ደሙ አይደርቅም። እስከዚያ ከደመኛ ጋር መብላት ቀርቶ ከአንድ ምንጭ ውኃ መቅዳት ነውር ነው። የኛ ወገን እርቅ አሻፈረኝ አለ፤ የነሱም ወገን እየተበተነ ሄደ፤ ነገሩ በዚያው ቀረ።

ልጄ ግን ከስሙ ጋር አደገ። አጎቱ ሙላት በየበዓሉ ጠላ እየጠጣ «የአባትህ ገዳይ ማነው?» ይለዋል። ልጄ «ይመር ተገኘ!» ይላል። «እሰይ የወንድሜ ልጅ!» ይሉታል። እኔ ጓዳ ሆኜ እሰማለሁ። ሪያድ ሊሄድ ሲነሳ ዘመድ ሁሉ አለቀሰ፤ እኔ ግን በሆዴ እፎይ አልሁ። የልጄ እጅ ጠመንጃ ከሚይዝ እዚያ ዘበኛ ሆኖ የሰው በር ሲከፍት ቢውል ይሻለኛል ብዬ ነው።

ከዚያ እኔም አረጀሁ። ጉልበቴ ከምንጭ ውኃ መቅዳት እምቢ አለኝ። መካነ ሰላም ዳር የከተማው ሰውና በዓረብ አገር ያሉ ልጆች ተባብረው ያቆሙት የአረጋውያን ግቢ እንዳለ ሰማሁና ለደመላሽ ነገርሁት።

«ሰው ምን ይለኛል እማ?» አለ በስልክ። «እናቱን መጦሪያ ጣላት ሊሉኝ ነው?»

«እንዲህ የሚለው ሰውዬ መጥቶ ውኃዬን ይቅዳልኛ!» አልሁት። ሳቀና ፈቀደ።

ግቢው ውስጥ ክርስቲያኑም እስላሙም አብሮ ይኖራል። ሥጋ ሲሆን ገበታው ይለያል፤ ሽሮና ባቄላ ሲሆን ለአራት ለአራት ሆነን አንድ ትሪ እንከባለን። ያልተጻፈ ሕግም አለ፤ ሰውን ስላለፈ ሕይወቱ አይጠይቁም። ሁሉም የሚያፍርበት ወይም የሚያለቅስበት ነገር አለው ተብሎ ነው። እኔም ጨዋነት መስሎኝ ወደድሁት።

በኔ ትሪ ላይ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። እኔ ከገባሁበት ቀን ጀምሮ ትሪው ላይ ስለ በለጠና ስለ ደመላሽ ሳወራ ይሰሙኛል። ከኔ በፊት ነው የገቡት፤ ስለማይናገሩ ግቢው ሁሉ «አያ ጭምቱ» ይላቸዋል። እጃቸው ክፉኛ ይንቀጠቀጣል። ጉርሻው አፋቸው ሳይደርስ ይፈስሳል። ሰው እንዳያያቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ሲቀመጡ አይቼ አልቻልሁም። ጠቅልዬ አቀረብሁላቸው።

«ይቅርብኝ እታለም» አሉ።

«ምኑ ነው የሚቀርብዎ! አፍዎን ይክፈቱ።»

ጥርሳቸውን ነከሱ። እኔ ደግሞ እልኸኛ ነኝ፤ እንደ ሕፃን አፍንጫቸውን ያዝሁና ሲከፍቱ አጎረስኋቸው። ግቢው በሳቅ ፈረሰ። እሳቸው እንባቸው ወረደ። ዓይናቸውን የሚያማቸው መሰለኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ማጉረሱ የኔ ሥራ ሆነ። እያጎረስሁም እንደ ልማዴ አወራለሁ፤ ስለ በለጠ፣ ስለ ደመላሽ፣ ስለ ሪያድ ሙቀት። ሌላውን ዝም ብለው ይሰማሉ፤ ስለ ልጄ ግን ይጠይቁኛል። «ደህና ነው? አላገባም? መቼ ይመጣል?» ይሉኛል። ለሰው ልጅ የሚያስቡ ደግ ሰው ናቸው እያልሁ አመሰግናቸው ነበር።

ደመላሽ የመጣው በገበያ ቀን ነው። ከደሴ በሚኒባስ ገብቶ፣ ለግቢው ሰው ሁሉ የሚሆን የዓረብ ብርድ ልብስ አስጭኖ መጣ። ደንድኗል፤ ጢም አብቅሏል። እኔ ምድር ጠበበችኝ። ምሳ በረንዳው ላይ ቀርቦ ስለነበር እኔ አጠገብ ተቀመጠ። በትሪው ዙሪያ እኔ፣ እሱ፣ አያ ጭምቱና ሼህ እንድሪስ ነበርን። ሼህ እንድሪስ ከአበጋር ቤት ናቸው። አበጋር ማለት በኛ በወሎ ደም የተቃቡትን የሚያስታርቅ ቤተሰብ ነው፤ እሳቸውም እስኪደክሙ ድረስ በዚህ ሥራ ኖረዋል።

ደመላሽ ብርድ ልብሱን አያ ጭምቱ ትከሻ ላይ ጣል አደረገ። «አባቴ፣ ይመርቁኛ!» አላቸው።

«ለሌላ ስጠው ልጄ፤ ለኔ አይገባም።»

«ለሁሉም ነው ያመጣሁ፤ ይልበሱት።»

በዚህ መሐል ጠቅልዬ የያዝሁትን አጎረስኋቸው። ልጄ ሳቀ። «እማ! እኔን እንኳ እንዲህ አላጎረስሽኝም እኮ!» አለና ወደሳቸው ዞረ። የግቢውን ሕግ አያውቅም። እንደማንኛውም ጨዋ ልጅ «አገርዎ ወዴት ነው አባቴ? የማን ልጅ ነዎት?» ብሎ ጠየቀ።

«እህል ላይ ነን ልጄ፣ ብላ» አሉ ሼህ እንድሪስ ቶሎ ብለው። በኋላ እንደነገሩኝ የሰውዬውን ፊት አይተው ነገር ሸቷቸው ነበር።

አያ ጭምቱ የአፋቸውን ዋጡ። ከንፈራቸውን በእጃቸው ጀርባ ጠረጉ። «ለጋምቦ ነኝ» አሉ። «ይመር እባላለሁ። ይመር ተገኘ። ስትመጣ ልነግርህ ለራሴ ቃል ገብቼ ነበር።»

ከዚያ ትሪው ተገለበጠ። ልጄ መቼ እንደተነሳ አላየሁም። በጫማው ደረታቸውን ሲላቸው ከነወንበራቸው ወደኋላ ሄዱና አናታቸው ከበረንዳው ምሰሶ ጋር ተጋጨ። ምርኩዛቸውን ነጠቃቸውና በዚያው ይቀጠቅጣቸው ጀመር፤ በጀርባቸው፣ በጆሮ ግንዳቸው፣ በዚያ በሚንቀጠቀጥ እጃቸው ላይ። ምርኩዙ ሲያርፍ የሚያሰማው ድምፅ እርጥብ ነበር። እሳቸው አልጮኹም፤ የጮኸው ሌላው ሰው ነው። ሼህ እንድሪስ «ሐራም ነው! ወላሂ ሐራም ነው!» እያሉ ተደረቡባቸው። ምርኩዙ ሼሁ ክንድ ላይ አረፈና አጥንታቸው ሲሰበር ሁላችንም ሰማን። ዘሀራ የጋለ ማማሰያ ይዛ ወጣች፤ የግቢው ዘበኛም ልጄን ከኋላ አንቆ ያዘው።

እኔስ? እኔ አልገላገልሁም። እውነቱን ልንገራችሁ፤ እዚያው ቁጭ ብዬ ቀኝ እጄን አይ ነበር። ጣቶቼ ላይ የሰውዬው ምራቅ አለ። በለጠን የገደለ ሰው ምራቅ። ተነስቼ ወደ ቧንቧው ሮጥሁና እጄን በሳሙና፣ ቀጥሎ በአሸዋ ፈተግሁት። ቆዳዬ ተገሽልጦ ደም አወጣ። ከኋላዬ ልጄ ሲደበድብ እየሰማሁ በልቤ «አይበቃም፣ ጨምርለት» እል ነበር።

ደመላሽ ዘበኛውን ገፍትሮ አመለጠ። በር ላይ ሲደርስ ወደኔ ዞሮ በጣቱ ጠቆመኝ። «አጎረስሽው! የአባቴን ገዳይ አጎረስሽው እማ!» ብሎ ወጣ። ወዴት እንደሚሄድ ሁላችንም አውቀናል። አጎቱ ሙላት ቤት ክላሽ አለ።

ዘሀራ የቆርቆሮውን በር በሰንሰለት ቆለፈችው። የግቢው ኃላፊ ያን ቀን ደሴ ነበረች። ዘበኛው «ሰው ልጥራ» ብሎ በኋላ በር ወጣና ነገሩ ሁሉ ካለቀ በኋላ ተመለሰ። ስለዚህ በግቢው የቀረነው ምርኩዝ የያዙ ሽማግሌዎች፣ አሮጊቶችና አንዲት ወጥ ሠሪ ነን። አቅም ያለው አግዳሚ እየጎተተ በሩ ላይ ደረደረ። አቅም የሌለው ይጸልያል፣ ዱአ ያደርጋል።

ሰውዬውን አልጋቸው ላይ አጋድመው አናታቸውን በጨርቅ አስረውላቸዋል። እኔ ከወጥ ቤት ዘነዘና አንስቼ ገባሁ። ለምን እንደያዝሁት ዛሬ ድረስ አጥርቼ አላውቅም፤ ግን ከባድ ነበር፣ ክብደቱም ደስ አለኝ።

«ታውቅ ነበር?» አልሁት። «እርስዎ» ማለት ከአፌ ጠፍቶ ነበር።

«አውቅ ነበር።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«የባልሽን ስም ካነሳሽ ጀምሮ። የልጅሽን ስም ስሰማማ ጨርሶ ገባኝ።»

«እና ትበላለህ? በለጠን ገድለህ ከሚስቱ እጅ ትበላለህ?»

«እምቢ ብዬሽ ነበር» አለ። «ጥርሴን ነክሼ ነበር። አፍንጫዬን ይዘሽ ነው ያጎረስሽኝ።»

እውነቱን ነው። እውነት መሆኑም ይበልጥ አነደደኝ። «ከዚያስ? ለምን አልነገርከኝም?»

 ደሙ ከጨርቁ ሥር በጆሮው ላይ ይወርዳል። «ብነግርሽ ማጉረሱን ትተዪዋለሽ ብዬ» አለ። «ራብ ፈርቼ አይደለም። ከእስር ከወጣሁ ወዲህ እጁን ወደኔ የዘረጋ ሰው አላየሁም። ዛሬ እነግራታለሁ እላለሁ፤ ስታጎርሺኝ ደግሞ ለነገ አቆየዋለሁ።»

ዘነዘናውን አነሳሁት። አልሸሸም፤ እንዲያውም አንገቱን ዘንበል አደረገልኝ። ትከሻው ላይ አሳረፍሁት። የሆነ ነገር ከውስጥ ቀጭ አለ። ትንፋሹ ብቻ ወጣ። ለሁለተኛ ጊዜ ላነሳው ስል ክንዴ እምቢ አለኝ፤ መሬት ላይ ጣልሁትና ቁጭ ብዬ አለቀስሁ። ለማን እንዳለቀስሁ አትጠይቁኝ፤ ለበለጠም ነው፣ ለራሴም ነው።

ሼህ እንድሪስ በሩ ላይ ቆመዋል። የተሰበረ ክንዳቸውን በጥምጣማቸው አንገታቸው ላይ አንጠልጥለውታል። ፊታቸው አመድ መስሏል።

«የሻረግ፣ ስሚኝ» አሉ። «አባቴም አያቴም ደም በማድረቅ ሥራ ነው ያረጁት። እርቁ ሁሉ መጨረሻው አንድ ነው፤ የሟች ወገን ለገዳይ ያጎርሳል። ለዚያች አንዲት ጉርሻ ስንት ሽማግሌ፣ ስንት ዘመን ይለፋል! አንቺ በጧት አጎረስሽው፣ በቀን አጎረስሽው፣ በማታ አጎረስሽው።»

«ሳላውቅ ነው! ሳላውቅ የሠራሁት አይቆጠርብኝም!»

«አላወቅሽም። የበላው ግን በልቷል። ሆድ የገባ እህል አላወቅሁም ስላሉ አይወጣም።» ክንዳቸውን በደህናው እጃቸው ደገፉ። «ልጅሽን አሁን ማንም አይመልሰውም። እኔም አልመልሰውም፤ ክንዴን አየሽው። ይኸን ሰው ቢገድል የሱ የእህት ልጆች አሉ። እነሱም ነገ የወለዱትን ደመላሽ ይሉታል። ያን ጊዜ የሚፈለገው ያንቺ ልጅ ነው። ሰውዬውን አድኚው አልልሽም፤ ልጅሽን አድኚ።»

ይኸ ገባኝ። ሰውዬው ቢሞት ባይሞት ግድ የለኝም ነበር። ደመላሽ ግን ያለኝ አንድ እሱ ነው። የበለጠ መቃብር ላይ ቆሜ አውቃለሁ፤ የልጄ መቃብር ላይ መቆም አልችልም።

ጀንበር ልታዘቀዝቅ ስትል መጣ። መምጣቱን ያወቅነው በድንጋይ ነው፤ አንድ ትልቅ ድንጋይ የቆርቆሮ በሩን መታና ግቢው ተንቀጠቀጠ።

«ክፈቱ!»

«ደመላሽ፣ ልጄ...» አልሁ።

«አንቺ ዝም በይ! ክፈቱ!»

ከዚያ ተኮሰ። ጥይት በቅርብ ሲጮህ ሰምታችሁ ከሆነ ጆሮ ብቻ እንደማይሰማው ታውቃላችሁ፤ ሆድ ይሰማዋል። ሰንሰለቱ ተበጠሰ። ሁለተኛው ጥይት ከበሩ አልፎ የውኃ ታንከሩን በሳውና ውኃው ግቢው ላይ ይንዶለዶል ጀመር። አሮጊቶቹ መሬት ላይ ተደፉ። የደረደርነውን አግዳሚ በእግሩ እየረገጠ ገባ። የአጎቱ አረቄ ይሸተዋል፤ ዓይኑ ደም ለብሷል። የኔ ልጅ አልመሰለኝም።

«የት ነው ያለው?»

 መመለስ አላስፈለገም። ሰውዬው ራሱ ከክፍሉ ወጣ። ከአበባው አጥር ላይ ድንጋይ አንስቶ፣ ይቅርታ እንደሚለምን ሰው ማጅራቱ ላይ ተሸክሟል። ያ የመታሁት ትከሻው ወደ አንድ ጎን ተንጋድዷል። ጭቃው ውስጥ ተንበረከከ። ድንጋዩ ከእጁ እየተንሸራተተ ወደቀ፤ እንደገና አንስቶ ተሸከመው። እንደገና ወደቀ።

ደመላሽ ክላሹን አቀባበለ።

ጉልበቴ ለውኃ እምቢ ያለኝ ሴትዮ ያን ጊዜ እንዴት እንደሮጥሁ አላውቅም። በመሐላቸው ገባሁና አፈሙዙን በቀኝ እጄ ጨበጥሁት። ግሎ ነበር፤ መዳፌን ሲያቃጥለኝ ተሰማኝ።

«ዞር በይ እማ!»

«አልዞርም።»

«አባቴን ነው የገደለ! አባቴን እኮ ነው! ስሜን ማን ብላችሁ ነው ያወጣችሁልኝ? ለምን አወጣችሁልኝ እንግዲያ?»

«እኔ አላወጣሁልህም!» ብዬ ጮኽሁ። «እኔ የሰጠሁህ ጡቴን ነው! ስሙን እነሱ ናቸው የሰጡህ! ስማኝ፣ ይኸ ሰው ከዚህ እጅ በልቷል። አየኸው? ከዚህ እጅ! አንተም ከዚሁ ነው የበላኸው። እሱን ከመምታትህ በፊት ይኸን እጅ ቁረጠው!»

«ልቀቂው እማ፣ ቃታው ልል ነው፣ ልቀቂው...»

ሊያስለቅቀኝ ሳበው። እኔም ሳብሁ። ፈነዳ።

መጀመሪያ አላመመኝም። ጆሮዬ ጭው አለ፣ ፊቴ ላይ ትኩስ ነገር ተረጨ። እጄን ሳየው አውራ ጣቴና አጠገቡ ያሉት ሁለቱ ጣቶች የሉም። ሲያጎርሱ የሚጠቀልሉት እነዚያው ናቸው። ደሙ ሰውዬው ራስ ላይ፣ ማጅራቱ ላይ ይንጠባጠባል። ሰውዬው ቀና ብሎ አየኝና ያ ሁሉ ዱላ ያላስወጣውን ጩኸት ጮኸ።

ደመላሽ ክላሹን ለቀቀው። ሼህ እንድሪስ በደህና እጃቸው አንስተው ካዝናውን ነቀሉና አጥር አሻግረው ወረወሩት። ልጄ ነጠላዬን ቀድዶ እጄን ጠቀለለ፤ «እማ፣ እማ፣ እማ» ይላል እንጂ ሌላ ቃል አይወጣውም። በጀርባው አዝሎኝ ሆስፒታል ድረስ ሮጠ። መንገዱ ዳገት ነው። ጀርባው ላይ ሆኜ ልቡ ሲመታ ይሰማኝ ነበር። አልገደለም፣ አልገደለም እያልሁ ራሴን ሳትሁ።

እንግዲህ ቀሪውን ባጭሩ ልንገራችሁ። ልጄ በሕግ ተያዘ፣ ታሰረ፤ ቅጣቱን ጨርሶ ወጣ። እስኪወጣ ድረስ ሼህ እንድሪስና የኛ ቄስ አልተኙም፤ ለጋምቦ ወጥተው የሰውዬውን የእህት ልጆች ሰበሰቡ፣ ቆላ ወርደው ሙላትን ለመኑ። ሙላት መጀመሪያ ውሻ ለቀቀባቸው። በሦስተኛው ጊዜ ግን እኔ ራሴ ሄጄ ይህን የተቆረጠ እጄን ገበታው ላይ አስቀመጥሁለት። «ያስተማርኸው ትምህርት ይኸውልህ» አልሁት። ጠላውን አስቀመጠና ፊቱን አዞረ። በእርቁ ቀን ግን መጣ።

እርቁ ግቢያችን ውስጥ ወረደ። ቄሱ መስቀላቸውን፣ ሼሁ ሙስበሃቸውን ይዘው ተቀመጡ። በመጨረሻ ደመላሽ እንዲያጎርስ ተነገረው። ጠቀለለ። እስከ ሰውዬው አፍ ድረስ አደረሰውና እጁ እዚያ ቆመ።  ልጄ አልቻለም፤ ጉርሻውን ሰውዬው መዳፍ ላይ አኖረውና ተነስቶ ወደ በሩ ሄደ። ሰውዬው ከመዳፉ በላ። ሽማግሌዎቹ እርስ በርሳቸው ተያዩና ሼህ እንድሪስ «አብሽሩ፣ ይበቃል» አሉ። ደመላሽም ወደ ሪያድ ተመለሰ።

አሁን አራተኛውን ምክሬን ልስጣችሁ። አዲስ ቦታ ስትገቡ ሽንት ቤቱ የት ነው ከማለታችሁ በፊት፣ አብራችሁ የምትበሉትን ሰው የማን ልጅ እንደሆነ ጠይቁ። የራሳችሁንም ንገሩ። «ያለፈ አይጠየቅም» የምትባለው ጨዋነት ጥሩ ትመስላለች፤ ግን ያለፈው ነገር ካልጠየቁት ራሱ ቀን መርጦ ይመጣል። ይኸን ከጠየቃችሁ በኋላ፣ ማጉረስ አለማጉረስ የናንተ ፋንታ ነው። እኔ ጠይቄ ቢሆን ኖሮ አላጎርስም ነበር። ባላጎርስ ደግሞ ልጄ ዛሬ የት በሆነ? ይህን ሳስብ አሁንም መልሱ አይመጣልኝም፤ እናንተ ካገኛችሁት ንገሩኝ።

በግራ እጅ አይበላም። ከሆስፒታል ስመለስ ዘሀራ ታጎርሰኝ ነበር፤ ግን እሷ የሚጠብቃት ድስት ብዙ ነው። አንድ ቀን ምሳ ላይ ዘገየችብኝና ትሪው ፊት ቁጭ ብዬ ስጠብቅ ይመር ከግድግዳው ዞረ። እንጀራ ቆረሰ። እጁ እየተንቀጠቀጠ፣ ሽሮውን ነጠላዬ ላይ እያንጠባጠበ፣ ወደ አፌ አመጣው። ጥርሴን ነከስሁ።

«አፍንጫሽን ልያዝ?» አለኝ።

ዘሀራ አሁን ይህን ስትጽፍ እየሳቀች ነው። ያን ቀን እኔ አልሳቅሁም። አፌን ከፈትሁ። ከዚያ ወዲህ እሱ ያጎርሰኛል፤ እሱን ዘሀራ ታጎርሰዋለች። ግማሹ ነጠላዬ ላይ ስለሚፈስስ እሰድበዋለሁ። አሁንም «አንተ» ነው የምለው፤ «እርስዎ» አልተመለሰልኝም።

ደመላሽ በየሳምንቱ በኢሞ ይደውላል። «በላሽ እማ?» ይለኛል። «በላሁ» እለዋለሁ። «ማን አጎረሰሽ?» ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም ነበር፤ ያውቀዋላ። ባለፈው ግን ጠየቀ።

«ማን አጎረሰሽ?»

«ይመር» አልሁት።

 መስመሩ የተቋረጠ መሰለኝና ስልኩን ከጆሮዬ አንስቼ አየሁት፤ አልተቋረጠም። ከኋላው የመኪና ድምፅ ይሰማል። 

«እሳቸውስ በሉ?» አለ።